አደራ ያለ ጉቦም ይበላል

ስለ ሹመኞች ሥነ ምግባር በተነሣ ቁጥር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን የምናወራው ስለ ጉቦ ብቻ ነው። አደራ ግን ያለ ጉቦም ይበላል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚገኘው ሮያል ፍሪ የተባለው የሕዝብ ሆስፒታል የ1.6 ሚሊዮን ሕሙማንን መዝገብ ዲፕማይንድ ለተባለው የጉግል ኩባንያ አሳልፎ ሰጠ። ዓላማው ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን ፈጥኖ ለሐኪም የሚጠቁም የስልክ ፕሮግራም መፈተሽ ነበር። ሕሙማኑ ግን በቂ ማስታወቂያ አልደረሳቸውም። በ2017 የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ሕግ የጣሰው ሆስፒታሉ መሆኑን አረጋገጠ፤ የገንዘብ ቅጣት ግን አልጣለም።

«ሕይወት ለሚያድን መሣሪያ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምንድን ነው?» የሚሉ አሉ። ኩላሊትን ለማዳን የኩላሊቱን ባለቤት አለማማከር ግድ ነውን? በሽተኛ ምሥጢሩን የሚገልጸው ለሐኪሙ ነው። ይህ እምነት ከጠፋ፣ ስሙ በመዝገብ መስፈሩን ከአገሩ ጀምሮ ሲፈራ የኖረ ስደተኛ ሕመሙን ደብቆ መቀመጥን ይመርጣል።

ኩባንያ ትርፉን ቢያሳድድ ተፈጥሮው ነው፤ የሕዝብ ሹም ግን የተቀመጠው በር ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ ውል ከመጽናቱ በፊት ለሕዝብ ይገለጥ፤ ሕሙማን ይጠየቁ፤ የፈረመውም ሹም በስሙ መልስ ይስጥ። ተቋም ተወቅሶ ሰው ካልተጠየቀ፣ ነገም ሌላ መዝገብ በዚያው በር ይወጣል።