መስኮቱን የምትወለውለው ማን ናት?

ከደሴ ወደ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። በቅርቡ እዚያ ቡና ተጠርተን በገባንበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየን። ልጅቱ ጥቁር አባያ ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ያብረቀርቃል። ከተሁለደሬም ሆነ ከአምባሰል ብዙ ልጆች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስለሄዱ፣ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

«እዚህ ውስጥ ነው የምትሠራው» አሉን እናቲቱ፣ ሁለተኛውን እየቀዱ። ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሆነች ጠየቅናቸው። «እሱንስ አልጠየቅኋትም እቴ፤ ደመወዟን እንጂ» ብለው ሳቁ፤ ወዲያውም ዝም አሉ። ታናሽ እህቷ ፓስፖርት አውጥታ ተራዋን በመጠባበቅ ላይ ናት።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ መስታወት በምን ይጸዳል ብሎ መገረሙ አይቀርም። እንዲህ ባለ ረጅም ሕንፃ የውጭው መስታወት የሚጸዳው በገመድ በሚወርድ ተንጠልጣይ መቆሚያ ላይ ሆነው፣ ቀበቶ በታጠቁና ለዚሁ በሠለጠኑ ሠራተኞች ነው። በመኖሪያ ፎቆች ግን ሥራው ለቤት ሠራተኛዋ የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነው። እርሷ ቀበቶ የላትም።

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በኩዌት አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከ7ኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ስትወድቅ፣ አሠሪዋ በስልኳ ትቀርጻት እንደነበር ዓለም ያየው ነው። ልጅቱ በሕይወት ተርፋለች። ሲንጋፖር በበኩሏ ሠራተኞች ከመስኮት ወድቀው መሞታቸው ስለበዛባት፣ በ2004 ዓ.ም. መስኮቱ የተቆለፈ የብረት ፍርግርግ ከሌለውና አዋቂ ሰው አጠገቧ ሆኖ ካልተቆጣጠረ ሠራተኛዋ የውጭውን መስታወት እንዳታጸዳ ደንግጋለች። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውንና የመድኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። እንግዲህ ልጅ ሊሄድባችሁ ከሆነ ውሉ ሳይፈረም መድኑንም፣ ፎቁንም፣ የመስኮቱን ነገርም ጠይቁ።

እናንተስ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ የከተማ እናቶች? ቤታችሁ ያለችው ልጅ ምናልባት ከዚያው ከወሎ የመጣች ናት። ለበዓል መስኮት ስታስወለውሉ እግሯ የት ላይ እንደሚቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም ሳንጠየቅ እንናዘዝ፤ ባለፈው ፋሲካ እንግዳ ይመጣል ብለን ልጅቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አቁመናት ነበር። ከውስጥ ሆኖ በረጅም እጀታ መወልወያ የሚደረስበት ይበቃል፤ የቀረው አቧራ እዚያው ይቀመጥ።

ከሐይቅ ከመነሳታችን በፊት እናቲቱ ስልክ አስደወሉ።

«ልጄ፣ ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«አሥራ አንደኛው።»

«መስኮቱንስ ማን ይወለውለዋል?» ሲሏት መልሱ ዘገየ።