በአያቴ ሣንቲም ተማምኜ ዕዳ ገባሁ!

የወለቃ ልጅ ነኝ። ቱሪስቶች ሸክላ ሊገዙ ሲቆሙ የድሮ ዕቃ አሳያቸዋለሁ። አያቴ በቅርቡ ከሣጥናቸው አንድ ጠገራ ብርና አንድ የጃንሆይ 25 ሣንቲም ሰጡኝ። ጓደኛዬ ሲያየው፣ «ጠርዙ እኮ እንደ አበባ ተሸራርፏል፤ ሲመታ ተሳስተው ነው! ፈረንጅ እንዲህ ያለውን በውድ ነው የሚገዛው» አለኝ። በዚሁ ተማምኜ ከአጎቴ ተበድሬ ለእጮኛዬ ቀለበት ገዛሁ። አንድ ገዢ መጣና መጽሐፉን ገልጦ፣ «ዓመቱ አይገጥምም፤ ፎርጅድ ነው» ብሎኝ ሄደ። አጎቴ «ብሬን!» እያሉ ነው። እጮኛዬም ኩርፊያ ላይ ናት። ምን ይሻለኛል?
ጨነቀው፣ ከወለቃ

መልስ

ወንድሜ፣ ጓደኛህም ገዢውም ተሳስተዋል።

25 ሣንቲሙ መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር። ታዲያ ብልጣብልጦች ብር እየቀቡ ከብር በተሠራው 50 ሣንቲም ስም ያሳልፉት ጀመር። ይህን ለማስቆም ነው መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ያስከረከመው። አየህ፣ ስህተት ሳይሆን የሌባ መከላከያ ነው!

ዓመቱስ? ሣንቲሙ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 1943/44 ይሆናል። ገዢው ይህን ካላወቀ «አይገጥምም» ማለቱ አይገርምም። ደግሞም ይኸው ዓመት እንደተጻፈበት ለብዙ ዘመን ተመትቷል።

በጠገራውም አትሸወድ። ማርያ ትሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ፣ ከ1935 ጀምሮ በሮም ሳይቀር ያንኑ 1780 እንደያዘ ተመትቷል። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግርህም። ወርቅ ቤት አስመዝነው፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ብሩ ራሱ ዋጋ አለው፤ ሀብታም ግን አያደርግህም።

እርግጥ ነው፣ ስህተት የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የካዚኖ ቁማር ሣንቲም እንኳ ሲመታ ከተበላሸ ይፈለጋል። ግን ስህተት የሚባለው መምቻው ላይ የተፈጠረው ነው፤ ምስሉ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ሲመታ። ለአንገት ጌጥ የተበሳ፣ የተፋቀ፣ የተቀጠቀጠ ግን ጉዳት ነው፤ ዋጋውን ይቀንሳል። በሎሚና በአሸዋ ፈትገህ «ላብራው» እንዳትል!

አሁን ወደ ዕዳህ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው የሆነብህ። ሽማግሌ ይዘህ አጎትህ ዘንድ ሂድና እውነቱን ንገራቸው፤ በየወሩ የምትከፍለውን ቁረጥ። ሣንቲሙን መያዣ አድርገህ አትስጥ። ለእጮኛህም ቀለበቱ በብድር መገዛቱን አትደብቃት። ያኮረፈችው ሣንቲሙ ስላልተሸጠ ሳይሆን ስላልነገርካት ሊሆን ይችላል።

ጠገራውን ግን አያትህን ሳትጠይቅ አትሽጠው። ምናልባት በሠርጋቸው ቀን ከአንገታቸው የዋለ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ አልመዘገበውም።