በርበሬውን እስከ ክረምት ማቆየት የሚችለው ማነው?

«ማኅበረሰቡን ማብቃት» የሚል ባነር ያላየ አለ? አዳራሽ፣ ስልጠና፣ አበል፣ ፎቶ... ከዚያስ? ዛሬ ጉዳዩን ከእንሴኖ ገበያ ተነስተን እንየው።

ከቡታጅራ ብዙም የማትርቀው እንሴኖ የበርበሬ አገር ናት። «ማረቆ ፋና» የሚባለውን ዝርያ እንኳ ስሙን የሰጠው እዚያው አጠገብ ያለው ማረቆ ነው። ገበሬው ችግኝ አፍልቶ ክረምት ሲገባ ማሳው ላይ ይተክላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለቅሞ ያሰጣል። ችግሩ ምንድነው? ሁሉም በአንድ ሰሞን ይለቅማል። ገበያው በርበሬ በበርበሬ ይሆንና ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ክረምት ሲቃረብ ያው በርበሬ እሳት ይሆናል። ያኔ የሚያተርፈው ማቆየት የቻለው ነው።

ገበሬው ይሄን አጥቶት አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ መስከረም ላይ ለልጆቹ ደብተር የተበደረውም አለ። ስለ «ገበያ ትስስር» ሦስት ቀን ብታሰለጥኑት ታኅሣሥ ላይ መሸጡ አይቀርም። በእኛ እይታ አንድ ፕሮግራም ሰው አበቃ የሚባለው፣ አንዲት እናት ያላትን በርበሬ ሳትሸጥ ጥቂት ወራት መቆየት ስትችል ነው።

ይሄ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች እጅግ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦችን ተከታትሏል። የሚያረቡት ከብት ወይም ሌላ መነሻ ሀብት፣ ስልጠና፣ ቁጠባ፣ ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ቀለብ ተሰጣቸው። ፕሮግራሙ ካለቀ ከዓመት በኋላም ኑሯቸው የተሻለ ነበር። ቀለቡ ለምን? የተሰጣቸውን ከብት ርቧቸው እንዳይሸጡት! በርበሬውም ያው ነው።

ሌላው መንገድ የቁጠባ ሣጥን ነው። ኬር እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ከሴቶች ጋር የጀመረው ነው። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹ በሦስት ሰው እጅ ናቸው፣ የሚከፈተው አባላቱ ፊት ነው። ዕቁብ ለለመደ ጉራጌ ብዙም እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ዕጣ ሳይጠብቁ በችግር ቀን መበደር መቻሉ ነው። ግን እውነቱን እናውራ፦ ሣጥኑ ለደብተርና ለህክምና ይደርሳል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ግን ይከብደዋል። እዚህ ላይ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው መግባት ያለበት፤ ምርቱን ተረክቦ፣ ግማሹን ብር ቀድሞ ከፍሎ፣ ቀሪውን ሲሸጥ መክፈል።

ስጋት የለውም አንልም። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝም ይፈጠርበታል። ዋጋ ላይጨምርም ይችላል። ከ2011 ወዲህ አካባቢው በግጭት ተፈትኗል፤ ሰላም ሲደፈርስ ምርት ቤት ማስቀመጥ ራሱ ያስፈራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሠራተኞች አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አሠርተዋል። አዋጪውም ወሳኙም ራሳቸው ነበሩ። ዛሬም መርካቶ ብር አለ። (ታኅሣሥ ላይ በርበሬውን በርካሽ የሚሰበስበውም አንዳንዴ የሰፈሩ ልጅ መሆኑን አንርሳ።)

የእንሴኖ፣ የኮሼ፣ የቡታጅራ ልጆች፦ ቀበሌያችሁ ያለው ማኅበር ዘንድሮ በርበሬ ተረክቧል? ኪሎውን በስንት? ጻፉልን።