«ወላጅ አምጣ» ቅጣት መሆኑ ይብቃ

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት እንዲሰረዝ የሚል እንደ ነበረ ይታወሳል። ጥናቱ አብዛኛውን የድኃ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ወስኖ ከዚያ በላይ ያለውን ለጥቂቶች ይተዋል የሚል ሥጋት ስላደረበት፣ ልጄ ከእኔ የተሻለ ይኑር የሚለው ወላጅ ከመምህሩ ጎን ቆመ። ጥናቱም በተግባር ሳይውል ቀረ። ሁለቱ ወገኖች ለልጆች እኩልነት አንድ ሆነው የተሰለፉበትን ያን ጊዜ ዛሬ የምናነሣው፣ አሁን የሚገናኙበት መንገድ እጅግ የተለየ በመሆኑ ነው።

ዛሬ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው በአብዛኛው ልጁ ሲያጠፋ ወይም መዋጮ ሲፈለግ ነው። «ወላጅ አምጣ!» የሚለው ትእዛዝ በተማሪው ጆሮ ከአለንጋ የማያንስ ቅጣት ሆኖ ይሰማል። በዚህም ምክንያት ልጁ የሠፈር ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይቀርባል፤ ይህን ያላደረገ ወይም ሲደረግ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተገለጠ ጊዜም መምህሩ ወላጁን፣ ወላጁ መምህሩን ሲወቅስ ተሰማ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ልጁ አንድ ቀን እንኳ ተረጋግተው ያልተነጋገሩ ሰዎች ከመወቃቀስ በቀር ምን ሊሉ ይችላሉ?

ጉዳዩ በምሥራቅ አዲስ አበባ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከገርጂ ተነሥቶ በሰሚት በኩል እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ በተዘረጉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ ከመርካቶም ከልደታም ከአራዳም የመጡ ቤተሰቦች በዕጣ ጎረቤት ሆነዋል። ቀድሞ በዚያው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ልጆችም ከእነርሱ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለው ክፍል በአግባቡ ከተያዘ አብሮ የመኖር ትምህርት ቤት ነው፤ ካልተያዘ ግን የሠፈር ቡድን መፈልፈያ ይሆናል።

የወላጆቹ ኑሮ ግን ከልጆቹ የትምህርት ሰዓት ጋር አይገጥምም። በቦሌ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከአራብሳ የምትነሣው ገና ሳይነጋ ነው። የአሠሪዎቿን ልጅ ከሰርቪስ ተቀብላ፣ ምሳ ዕቃውን አጥባ፣ የቤት ሥራውን እንዲሠራ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ የራሷ ልጅ ተኝቷል። የወላጆች ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ብትመጣ የቀን ገቢዋን ታጣለች፤ ብትቀር «ደንታ ቢስ ወላጅ» ትባላለች። ይህ ፍርድ ተገቢ አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ስብሰባ ቢጠራ የትኛው መመሪያ ይከለክላል? በእርግጥ መምህሩም በአነስተኛ ደመወዝ ቤት ተከራይቶ፣ የብዙ ተማሪዎች ደብተር ሲያርም የሚያመሽ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ እሑዱን ሲሰጥ በሥራ ቀን ምትክ ዕረፍት ሊያገኝ ይገባል።

በክፍል ውስጥም ሊታረም የሚገባው አለ። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ሲዘረጋ ዓላማው ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ቦታ አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን የሚጽፉበት ሆነ። ዓመቱን ሙሉ አለቃ የነበረው ልጅ ማዘዝን፣ የቀሩት ደግሞ መታዘዝን ተማሩ። ልጃገረዷ ጽሑፏ ያምራል ተብላ ጸሐፊ ትደረጋለች፤ የቡድኑን ሐሳብ ቆማ የምታስረዳው ግን እርሷ አይደለችም። መሪነቱ በየሳምንቱ ቢዘዋወር፣ ከሱቅ ሒሳብ በቀር ሌላ ሒሳብ የማይገባው የሚመስለው ልጅ ያንኑ የሱቅ ሒሳብ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ዕድል ቢሰጠው፣ መምህሩ ፈተና የማያሳየውን ችሎታ ያገኛል።

እኩልነት በተግባር ሊገለጥ እንደሚችል የታየበት አጋጣሚም አለ። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ ምሳ ያልያዘው ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ በዕረፍት ሰዓት የሚደበቅበት ምክንያት ቀረ። ምግቡን የሚያዘጋጁትም እናቶች ናቸው። መጋቢ እናቶች የትኛው ልጅ በዝምታ እንደሚበላ፣ የትኛዋ ምግቧን ለታናሽ ወንድሟ በላስቲክ እንደምትቋጥር፣ ማን ከማን ጋር ለመቀመጥ እንደማይፈልግ በየቀኑ ያያሉ። መምህሩ «ወላጅ አምጣ» ብሎ ልጁን ወደ ቤት ከመስደዱ በፊት፣ ከመማሪያ ክፍሉ ጥቂት ርምጃ ርቀው በማዕድ ቤቱ በር የቆሙትን እነዚህን ወላጆች ጠርቶ ሊጠይቅ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባም ወንበር ሊሰጣቸው ይገባል።