ቁጥሩ ከጠብታው አያልፍም



በቅርቡ አንዲት ልጃችን እያለቀሰች ደወለችልኝ። «አባ፣ ደምሽ አንሷል አሉኝ፤ ማዳም ከሰማች ወደ አገሬ ትሰደኛለች» አለች። ጣቷን ወግተው ሲለኩ ሄሞግሎቢኗ 10.4 ሆኖ ነበር። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። «ደሙን እንዴት ወሰዱልሽ?» አልኳት። «እጄ ቀዝቅዞ ደሙ እምቢ ሲል ጣቴን አጥብቀው ጨመቁት» አለችኝ። እንዲደገምላት ጠይቃ ከክንዷ ደም ሥር ቢቀዳላት 12.3 ሆነ።

በላቦራቶሪ የምትሠራ ሌላ ልጃችን ምክንያቱን አስረዳችኝ። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ሆኖ ኦክስጅንን የሚሸከም ነው። መሣሪያው ግን የሚለካው የቀረበለትን ጠብታ ብቻ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ቀለም ስንበጠብጥ ውኃ ከበዛበት ጽሕፈቱ ይደበዝዝ ነበር፤ ሳናማስል ከቀዳንም ከላይ ይቀጥናል፣ ከታች ይወፍራል። ጥፋቱ የብራናው አይደለም። ደምም እንዲሁ ነው። ጣት አጥብቆ ሲጨመቅ በሥጋ መካከል ያለው ፈሳሽ ከደሙ ጋር ወጥቶ ያቀጥነዋል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ቢቀዳም እንደዚሁ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ወዲያው ቀስ ተብሎ ካልተገለባበጠ ደሙ ይረጋል፣ ውጤቱም ይዛባል። ቆሞ የቆየ ደምም ቀይ ሴሎቹ ወደ ታች ስለሚዘቅጡ ሳይቀላቀል አይለካም። ክንድ በላስቲክ ታስሮ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሲቆይ ግን ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ይህኛው ይብሳል፤ የታመመችዋን «ደኅና ነሽ» ብሎ ይሸኛታልና።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ለምርመራ ስትሄዱ እነዚህን አስቡ፦

በጣት የሚወሰድ ከሆነ እጃችሁን በሞቀ ውኃ ታጥባችሁ አድርቁ። አልኮሉ ሳይደርቅ አይወጋ፤ የመጀመሪያው ጠብታ በጥጥ ይጠረግ። ደሙ እምቢ ካለ ጣታችሁ ከሚጨመቅ ሌላ ጣት ይወጋ። ግሉኮስ ተሰክቶላችሁ ከሆነ ሌላውን ክንድ ስጡ። ለሄሞግሎቢን ብቻ ከሆነ ባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም። ለስኳርና ለስብ ምርመራ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጤቱ ከስሜታችሁ ጋር ካልተስማማ፣ ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት «ከደም ሥር ይደገምልኝ» በሉ። ይህ መብታችሁ ነው፤ ማንንም መስደብ አይደለም።

ነገር ግን አደራ! «ናሙናው ተበላሽቶ ይሆናል» እያላችሁ እውነተኛውን ሕመም እንዳትሸፍኑት። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ራሳችሁን የሚያዞራችሁ፣ የወር አበባችሁ የሚበዛባችሁ ከሆነ ቁጥሩ ደኅና ቢሆንም ሐኪም ይያችሁ። ሲደገምም ያው ዝቅተኛ ከሆነ ደማችሁ ለምን እንዳነሰ ይመርመር፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ክኒን ብቻ መዋጥ በሽታውን ይደብቃል።

ያቺ ልጃችን ዛሬ በሥራዋ ላይ ናት። ያስለቀሳት አንድ የተጨመቀ ጣት ነበር።

ሰላም ሁኑልኝ።