የበዓል ገበያና ለዘር የሚቀረው አውራ ዶሮ

የፋሲካ ገበያ በደረሰ ቁጥር በየገበሬው ደጅ ያሉትን አውራ ዶሮዎች ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ይኸውም ቁመቱ የዘለገውና ኩክኒው ድርብ የሆነው ቀይ አውራ እግሩ ታስሮ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ማንም የማይገዛው ቀጫጫ በደጅ መቅረቱ ነው። በእንቁጣጣሽና በገናም የሚሆነው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ለሚፈለፈሉት ጫጩቶች አባት የሚሆነው እንግዲህ ይህ የቀረው ነው። «የአገራችን ዶሮ ትንሽ ነው» እያልን የምናማርር ባለሙያዎች፣ በየበዓሉ ትልቁ እየታረደ ትንሹ ለዘር እንደሚተው ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

«ምርጡን አትሽጪ» ብሎ መምከር ለእኛ ለደመወዝተኞች ቀላል ነው። የዶሮ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የእመቤቲቱ ገንዘብ ነው፤ የልጆች ደብተር፣ ጨውና ሳሙና የሚገዛው በእርሱ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ወጪውን መሸከም ያለበት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ከበዓሉ አስቀድሞ ጥቂት ምርጥ አውራዎችን በበዓል ዋጋ ከአባላቱ ገዝቶ፣ የሥጋ ዝምድና እንዳይፈጠር በሌላ መንደር ላሉ አባላት ይስጥ። ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። አምስት አምስት ዶሮ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በአንዱ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ለመብል የሚሆን ዕንቁላል ለመጣል ደግሞ አውራ ጨርሶ እንደማያስፈልግ ለአርቢዎች ማስረዳት ይገባል።

የቀሩት አውራዎች ግን መሸጥ ወይም መታረድ አለባቸው። ቀደም ባሉት ዓመታት የሌግሆርንና የሮድ አይላንድ ሬድ አውራዎች ለገበሬዎች ሲታደሉ፣ የቀድሞዎቹ ከመንጋው ሳይወጡ በመቅረታቸው የተደከመበትን ያህል ውጤት አልተገኘም። አውራ ዶሮዎች በመካከላቸው አለቃ አላቸው፤ ነባሩ አለቃ እያለ እንግዳው ሴቶቹን መቅረብ ይቸግረዋል።

በማዛወር ጊዜ ትልቁ አደጋ ፈንግል ነው። ሳይሸጥ ከገበያ የተመለሰ ዶሮም እንደ እንግዳ መቆጠር አለበት፤ ብዙ መንጋ ያለቀው በእንዲህ ያለው ዶሮ ነው። አዲሱ አውራ፣ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ እስክትፈለፍል ያለውን 21 ቀን ያህል ለብቻው ይቀመጥ፤ መመገቢያውም ይለይ። የሚያስተኛው በሽታ ካለበት በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በዓይን ጠብታ የሚሰጠውን የፈንግል ክትባት ይከተብ፤ ሴቶቹም አብረው ይከተቡ። ክትባቱ የታመመን አያድንም። አውራውን ሲረከቡ የእግሩ ቅርፊት ተነሥቶ እንደሆነ ቅባት ይቀቡት፤ በክንፉ ሥር ቅማል መኖሩንም ይመልከቱ።

ነባሩን አውራ ከመንጋው የሚያወጡትም በዚያው አዲሱ ተለይቶ በሚቆይበት ሰሞን ነው። ሴት ዶሮ አውራ ከተለያት በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ዘሩን በሆዷ ስለምታቆይ፣ በዚህ ጊዜ የተጣለ ዕንቁላል ለመታቀፊያ አይቀመጥም፤ ይበላ ወይም ይሸጥ። አዲሱን ማታ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ፣ በመካከላቸው ማስቀመጥ ጠቡን ያቀለዋል። በማግስቱ ጥሬ ሲበተን ሴቶቹን እየጠራ የሚያበላ ከሆነ መንጋውን ተረክቧል ማለት ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ ከቆመና ኩክኒው ከጠቆረ ወይም ከገረጣ ግን ያው ቀን ከመንጋው ይውጣ።