ከባድ የሳይንስ መጽሐፍ እንደ ጋዜጣ አይነበብም

«ወጣቱ አያነብም» የሚለው ወቀሳ የተለመደ ነው። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ወጣቱ ስልኩ ላይ መቶ ፒዲኤፍ ጭኗል፣ ሾርት ኖት ይገለብጣል፣ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። ያስቸገረን የሚያነብበት መንገድ ነው። የፊዚክስ መጽሐፍን ወይ እንደ ልብወለድ ይጋልብበታል፣ ወይ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ሁለቱም ለሳይንስ አይሆኑም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ግማሽ ሳያመጣ ቀርቷል። ከፊሉ በሪሜዲያል ይገባል። የቀረውስ? ለእሱ ከዚህ በኋላ ያለው መምህር መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ መረዳት ካልቻለ በሩ ሁለተኛ ጊዜ ይዘጋበታል።

«ሳይንስ ያለ አስተማሪ አይገባም» ለሚሉ ማይክል ፋራዴይን ላስታውስ። የአንጥረኛ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ፦ ከኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን፣ ጄን ማርሴት ለጀማሪዎች ያዘጋጀችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ። ሒሳብ አልተማረም፣ እስከ መጨረሻም ሒሳብ አልሆነለትም። ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ያነበበውን በኪሱ ባለው ሳንቲም መሥራት በሚችለው ትንሽ ሙከራ ይፈትሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 የሃምፍሪ ዴቪን ንግግሮች ሰምቶ ማስታወሻውን በራሱ እጅ አስተካክሎ ጻፈ፣ 300 ገጽ ገደማ ሆነ፣ ጠርዞም ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ጉባ ላይ የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚያው መርህ ነው።

ፋራዴይ ልዩ ጭንቅላት ነበረው፣ አልክድም። ልማዶቹ ግን ልዩ ጭንቅላት አይጠይቁም። እኔ አራቱን አጥብቄ እይዛለሁ።

አንደኛ፦ ቁጥር ስታገኙ አትለፉት፣ አስሉት። ለምሳሌ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን እንውሰድ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች አንብቦ ያልፋል። እስክሪብቶ የያዘ አንባቢ ግን ይቆማል። 5,150ን በ24 ሰዓት፣ ከዚያም በ365 ቀን ያባዛል። 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ይወጣል። ታዲያ የሚጠበቀው ለምን የዚህ ሲሶ ገደማ ብቻ ሆነ?

እዚህ ጥያቄ ላይ የደረሰ ሰው ፊዚክስ ጀምሯል። ሜጋ ዋት ቧንቧው በደቂቃ ስንት ሊትር ማውረድ ይችላል እንደማለት ነው። ጊጋ ዋት ሰዓት ደግሞ ጀሪካኑ ውስጥ በመጨረሻ ስንት ሊትር ተጠራቀመ ማለት ነው። ወንዙ በዓመት የሚያመጣው ውሃ 13ቱንም ተርባይኖች ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ኃይላቸው ለማሽከርከር አይበቃም። አቅሙ ከፍ ተደርጎ የሚሠራው ፍላጎት በሚበረታበት ሰዓት ብዙ ለማመንጨት እንዲቻል ነው። ይህን የተረዳ ሰው «ግድቡ አቅሙን ያህል አልሠራም» የሚል ወሬ ሲሰማ አይደናገጥም፣ የተጋነነ ፕሮፓጋንዳ ሲሰማም ጮቤ አይረግጥም። የአንድ ደቂቃ ማባዛት ከሁለቱም አዳነው።

ሁለተኛ፦ መጽሐፉን ዝጉና ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ንባብ አስነበቡ። አንዱ ቡድን ደግሞ አነበበው። ሌላው ንባቡን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። መደጋገም የሚያታልለን ለዚህ ነው። ገጹ ዓይናችንን ስለለመደው የገባን ይመስለናል። ገጹን በቢጫ ማድመቂያ ማቅለምም ያው ነው፣ መጽሐፉ ያምራል እንጂ ጭንቅላታችን ውስጥ የገባ ነገር ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በየትኛውም የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ተናገሩት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነተኛ እንቅፋት ነው። ያንኑ እንቅፋት መፈተኛ ማድረግ ግን ይቻላል። «ቮልቴጅ» ምን እንደሆነ ፊዚክስ ላልተማረች እናታችሁ ማስረዳት ካቃታችሁ፣ የያዛችሁት ቃሉን ነው፣ ነገሩን ገና አልያዛችሁትም። የእንግሊዝኛውን ትርጓሜ ቃል በቃል መድገም ይህን ድክመት ይሸፍነዋል። የራስ ቋንቋ ግን መደበቂያ አይሰጥም።

አራተኛ፦ ያልገባችሁን በትክክል ጠቁሙት። «ምዕራፉ አልገባኝም» ማለት ምንም አይጠቅምም። «ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት እንደተሻገረ አልገባኝም» ብላችሁ ጻፉት፣ ቀኑንም አስፍሩ። ከዚያ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ክፈቱ፣ ወይም የጎደለው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ከሆነ ሳታፍሩ ወደ 9ኛ ክፍል ተመለሱ። ከባድ መጽሐፍ ሲይዙን ብዙውን ጊዜ የሚጥለን ከታች የጎደለ ጡብ ነው። በሰዓት ሦስት ገጽ ብቻ ብትሄዱም አትፈሩ፣ ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ያ ጤነኛ ፍጥነት ነው።

«አሁን ሁሉን የሚያብራራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። መሣሪያውን አልጠላውም። ግን ማጠቃለያ ስትጠይቁት ድካሙን የሚሠራው እሱ ነው፣ የሚማረው ደግሞ የደከመው ነው። ይልቅ ገጹን አንብባችሁ «ጠይቀኝ» በሉት። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ። የሰጣችሁንም ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ፣ በልበ ሙሉነት ይሳሳታልና።

ሽምደዳን ከአብነት ትምህርት ቤት ወረስነው የሚሉም አሉ። ንባብና ዜማ በቃል ይያዛሉ፣ እውነት ነው። የቅኔ ተማሪ ግን የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ባለቅኔ አይሆንም። ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ እንደገና አዲስ ይዞ ይመጣል። ከወረስነው ውስጥ መሸምደዱን አስቀርተን ቅኔውን ጥለን ከሆነ ጥፋቱ የአባቶች አይደለም።

እርግጥ ይህን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ጭኖ መሄድ ፍትሐዊ አይደለም። ላቦራቶሪ የሌለው፣ አንድን መጽሐፍ ለአምስት የሚካፈል፣ መብራት የሚጠፋበት ልጅ «ልማድህን አስተካክል» ሲባል ምክሩ እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ብር አያስወጣም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ማስታወሻ ማስገልበጡን ይተው። ተማሪዎች ሁለት ገጽ ያንብቡ፣ መጽሐፉን ይዝጉ፣ የያዙትን ይጻፉ፣ ያልገባቸውን መስመር ለይተው ይጠይቁ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይህን የለመደ ልጅ ፈተናው ባይሳካለት እንኳ መማሩን አያቆምም።

እናንተም ፒዲኤፍ ካከማቻችሁ ቆይታችሁ ይሆናል። ዛሬ ማታ አንዱን ክፈቱ። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ እስክሪብቶና ወረቀት ግን አጠገባችሁ ይኑር።